የቮልስ መስታወትና ጎማ እድሳት፦ ከጎማው በፊት ላሜራው

ሐምሌ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሯል። ጠዋት የቮልሴን በር ስከፍት የእርጥብ ምንጣፍ ሽታ ተቀበለኝ። የኋላውን ወንበር አነሳሁት። ባትሪው የሚቀመጥበት ላሜራ ላይ ውሃ ተኝቷል። ጣቴን ነክሬ ሳወጣው ቡናማ ሆኗል። ከሦስት ወር በፊት አንድ ጋራዥ የኋላውን መስታወት ዙሪያውን በሲሊኮን ለቅልቆ፣ «ከእንግዲህ ጠብ አይልም» ብሎ ሸኝቶኝ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ሁሉንም መስታወት አወረድኩና ከዜሮ ጀመርኩ። ያገዙኝ ሰፈራችን ውስጥ ላሜራ ሲቀጠቅጡ የኖሩ አንድ አዛውንት ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ገና የመጀመሪያውን ጎማ ስገነጥል አስቆሙኝ። ጎማ ስል የመንኮራኩሩን አይደለም፤ መስታወቱንና በሩን ዙሪያውን ታቅፎ ውሃ የሚከለክለውን ነው። «ልጄ፣ ጎማውንማ ማንም ይቀይረዋል። አንተ ጎማው የሚቀመጥበትን ላሜራ አድን» አሉኝ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ ቃል የመጣ ነው።

ውሃው በየት ገብቶ የት ይሄዳል?

ጎማን የሚገድሉት ፀሐይና ኦዞን ናቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ደጅ የሚውል ቮልስ ጎማው ቶሎ የሚደርቀው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ይጠነክራል፣ ከዚያ ይሸበሸባል፣ በመጨረሻ ማዕዘኑ ላይ ይሰነጠቃል።

በስንጥቁ የገባው ውሃ ጎማው የታቀፈው የላሜራ ጠርዝ ላይ ይቀራል። እዚያ ፀሐይም ንፋስም አይደርስበትም። ስለዚህ አይደርቅም፤ ያዝጋል። ዝገት ደግሞ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ይይዛል። ያብጥና ጎማውን ከስር ይገፋዋል። ቀዳዳው ይሰፋል፣ ውሃው ይበዛል፣ ዝገቱም እንዲሁ።

ከፊት መስታወት የገባ ውሃ በክሩስኮቱ ጀርባ ወርዶ እግር ስር ይተኛል። ከዚያ በሁለቱም ጎን ከበሩ ስር የሚያልፉትን፣ ሙቀት የሚያስተላልፉትን፣ ውስጣቸው ባዶ የሆኑ ላሜራዎች ይበላል። እነሱ የሙቀት መንገድ ብቻ አይደሉም፤ የመኪናው ቦዲ የሚጠነክረው በእነሱ ነው። ከኋላ መስታወት የገባው ደግሞ ከወንበሩ ጀርባ ባለው እቃ ማስቀመጫ አድርጎ ወንበሩ ስር ይገባል። ባትሪው እዚያው በስተቀኝ በኩል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ የኋላ ወንበር ተቀምጠው ነው። ያንን ወንበር ባነሳሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል። ይቺ መኪና በአገራችን ታሪክ ውስጥ አለች፤ በአንድ ጎማ ምክንያት በዝገት ስታልቅ ማየት ያሳዝነኛል።

መጀመሪያ መኪናችሁን እወቁ

ቮልስ ሁሉ ሲያዩት አንድ ነው። መስታወቱ ግን አንድ አይደለም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እስከ 1953 መጀመሪያ የኋላ መስታወቱ ለሁለት የተከፈለ ነበር። ከዚያ እስከ 1957 እንደ እንቁላል ሞላላ ሆነ። ከ1958 ሞዴል ጀምሮ ሰፋ አለ። በ1965 ሞዴል ሁሉም መስታወቶች አደጉ፤ እስከዚያ ድረስ ጠፍጣፋ የነበረው የፊት መስታወትም ትንሽ ጎበጠ። በ1972 ሞዴል የኋላው በ4 ሴንቲ ሜትር ቁመት ጨመረ። 1303 የሚባለው የ1973 ሞዴል ደግሞ የፊት መስታወቱ በጣም የጎበጠ ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር አይገናኝም። የአንዱን ጎማ በሌላው ላይ በግድ ማልበስ አይቻልም።

ሊብሬው ላይ ባለው ዓመት ብቻ አትመኑ። የሻሲ ቁጥሩን ፈልጉ። የኋላ ወንበር ስር፣ መሃል ለመሃል በሚያልፈው ጉብታ ላይ ተቀርጿል። ከ1965 ሞዴል ወዲህ የተለመደው ቮልስ ቁጥሩ በ11 ይጀምራል፤ ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉ ዓመት የመጨረሻ አሃዝ ነው። 115 ካለ 1965፣ 119 ካለ 1969 ነው። አዲሱ ሞዴል የሚጀምረው ኦገስት ላይ ስለሆነ፣ በ1964 መጨረሻ የተሠራ መኪና የ1965 ሞዴል ይባላል። ይህን ሳታረጋግጡ አንድ ብር አታውጡ።

ጎማና መስታወት ስትገዙ

የፊትና የኋላ መስታወት ጎማ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የሚያብለጨልጨውን የአሉሚኒየም ጌጥ የሚይዝ ቦይ አለው። ሌላው ልሙጥ ነው። ጌጡ ካላችሁ ቦይ ያለውን ግዙ፤ በልሙጡ ላይ በኋላ ልጨምረው ብትሉ አይሆንም።

የጎማውን ጥራት በእጅ ማወቅ ይቻላል። ማዕዘኑን አጥብቃችሁ እጠፉትና ልቀቁት። ጥሩ ጎማ ወዲያው ይመለሳል። መጥፎው እጥፋቱ ላይ ነጣ ያለ መስመር ያሳያል፣ ወይም ታጥፎ ይቀራል። ማዕዘኖቹ በቅርጻቸው የተሠሩ መሆን አለባቸው። ቀጥ ያለ ጎማ በሜትር ተቆርጦ ጫፍና ጫፉ በማስቲሽ የተያያዘ ከሆነ ተዉት።

ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 ሲሠራ ስለቆየ ጎማው ዛሬም ይመረታል። ጀርመን ወይም አሜሪካ ዘመድ ካላችሁ ሲመጣ ይዞላችሁ ይምጣ። ጎማ ይጠቀለላል፣ ሻንጣ ውስጥ ብዙ ቦታ አይፈጅም። መስታወት ግን በዚህ መንገድ አታስመጡ። ያገለገለ መስታወት ሶማሌ ተራ ዞር ዞር ብላችሁ ፈልጉ። ስታገኙ ጠርዙን በጣታችሁ ሳይሆን በዓይናችሁ መርምሩ። ጠርዙ ላይ ትንሽ ስብራት ያለው መስታወት ስትገጥሙት ከዚያው ይሰነጠቃል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የበር መስታወት በሙቀት የጠነከረ ነው። ሊቆረጥም ሊሞረድም አይችልም፤ ብትሞክሩ ሙሉው ወደ ጥቃቅን ፍርፋሪ ይለወጣል። ሁለት መስታወት በመሃሉ ፕላስቲክ ይዞ የተጣበቀው ዓይነት ግን ጠፍጣፋ እስከሆነ ድረስ ይቆረጣል። ስለዚህ ከ1965 በፊት ላለ ቮልስ የፊት መስታወት ቢጠፋ፣ ጎበዝ መስታወት ቆራጭ አሮጌውን እንደ ልክ አድርጎ ሊያወጣላችሁ ይችላል።

ማውለቅ

የዝናብ መጥረጊያዎቹን ክንድ አውልቁ። መነጽርና ወፍራም ጓንት አድርጉ። ጌጡ ካለ በጥንቃቄ ነው የምታወጡት፤ አሉሚኒየሙ ስስ ነው፣ አንዴ ከተቆለመመ ተመልሶ አይቃናም። ሁለቱ ግማሾች የሚገናኙበትን ትንሽ ማያያዣ ወደ ጎን ገፋ አድርጉና ከመሃል ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ሳቡ።

አሮጌውን ጎማ ለማዳን አትድከሙ። የውጭውን ከንፈር በካተር ዙሪያውን ቁረጡት። ከዚያ አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጦ የላይኛውን ማዕዘን በመዳፉ ይግፋ፤ አንድ ሰው ከውጭ ይቀበል። መሃሉን አትግፉ። በካቻቢቴ ፈንቅላችሁ ለማውጣትም አትሞክሩ፤ ብረት መስታወት ጠርዝ ላይ ካረፈ አለቀ።

እንደ እኔ ሲሊኮን የተለቀለቀበት ከሆነ ቀጭን የጊታር ክር ሁለት እንጨት ላይ ጠምጥማችሁ እንደ መጋዝ ወዲህና ወዲያ ሳቡት። እኔ የኋላውን ብቻ ለማላቀቅ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ላሜራው

ሥራው እዚህ ጋ ነው። ከጠቅላላው ጊዜ ሁለት ሦስተኛውን ለዚህ መድቡ።

ጎማው ሲነሳ የሚታየው ጠርዝ ያስደነግጣል። የእኔ የኋላ መስታወት የታችኛው ጠርዝ ከሩቅ ሲታይ ቀለሙ ደህና ነበር። ጋሼ ካቻቢቴውን አነሱና ጫፉን ቀለሙ ላይ ጫን አደረጉት። ካቻቢቴው እንደ እንጀራ በስቶት ገባ። ከቀለሙ ስር ብረት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ቡናማ ቅጠል ብቻ ተነባብሮ ነበር። «ሲሊኮኑ ነው» አሉ። ልክ ነበሩ። ሲደርቅ እንደ አቼቶ የሚሸተው ሲሊኮን አሲድ ይለቃል፤ የተጋለጠ ብረት ላይ ሲያርፍ ዝገቱን ያፋጥነዋል። ውሃውንም ከስር ይዞ ያስቀረዋል። በዚህ ላይ ሲሊኮን የነካው ላሜራ በደንብ ካልጸዳ ቀለም አይዝም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ሲሊኮኑን በፕላስቲክ መፋቂያ አንሱት፣ ከዚያ ጠርዙን በቲነር ደጋግማችሁ ጥረጉ፤ ጨርቁን በየጊዜው ቀይሩ። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አራግፉ። ጠርዙን ሁሉ በካቻቢቴ ጫፍ እየወጋችሁ ፈትሹ። የበሳው ቦታ መቆረጥና በአዲስ ላሜራ መበየድ አለበት። በስቱኮ መሙላት አይሆንም። ስቱኮ እዚህ ጠርዝ ላይ ጎማው ሲጨምቀው ይሰነጠቃል፣ ውሃም ይጠጣል። ብየዳው ሲያልቅ ሞርዱና የጠርዙን ውፍረት ከደህናው ቦታ ጋር አስተካክሉ። ጠርዙ ከወፈረ ጎማው አይገባበትም።

ያልበሳውን በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምራችሁ በ120 እና በ240 ጨርሱ። ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ የቀረውን ዝገት ፎስፎሪክ አሲድ ባለው የዝገት ማከሚያ ቀቡት፤ ጠቁሮ ሲደርቅ በትእዛዙ መሠረት አጽዱት። ከዚያ ሁለት እጅ ኢፖክሲ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ ዝገት ከልካይ)፣ በላዩ የመኪናው ቀለም። አንድ ሳምንት ይድረቅ። ትላንት በተቀባ ቀለም ላይ ጎማ ብትገጥሙ የመግጠሚያው ገመድ ሲሳብ ቀለሙን ልጦት ይመጣል።

ትዕግሥት የሚፈትነው ይህ ሳምንት ነው። መኪናው ያለ መስታወት ቆሞ ሰማዩን እያያችሁ ትጨነቃላችሁ። ስለዚህ ሥራውን ጥቅምት ላይ ጀምሩት።

መስታወቶቹን እስከዚያው አጽዱ። ነጭ የውሃ ነጠብጣብ በአቼቶ ይለቃል። የዝናብ መጥረጊያው የጫረውን መስመር በጥፍራችሁ ስትዳብሱት ካልተሰማችሁ በሴሪየም ኦክሳይድ (መስታወት መወልወያ ዱቄት) እና በእርጥብ ፈልት ጨርቅ ሊለሰልስ ይችላል። ጥፍር ከያዘው ግን ተዉት፤ እሱን ለማጥፋት ስትፈጉ እይታን የሚያወላግድ ጎድጓዳ ትፈጥራላችሁ።

በገመድ መግጠም

ሁለት ሰው ያስፈልጋል። 4 ሚሊ ሜትር የሚሆን ልሙጥ የናይለን ገመድ፣ ፈሳሽ ሳሙና በውሃ የበጠበጣችሁበት ጠርሙስና የእንጨት ማንኪያ አዘጋጁ። ሻካራ ሲባጎ አትጠቀሙ፣ ጎማውን ይቆርጠዋል። ቫዝሊንና ግሪስም አትንኩ። ከነዳጅ የሚወጣ ቅባት ጎማን ያሳብጠዋል።

ጎማውን ለሁለት ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ዘርጉት። ይለሰልሳል።

መስታወቱን ብርድ ልብስ ላይ አስተኙት። ጎማውን ከማዕዘኖቹ ጀምራችሁ አልብሱት። የላይኛውና የታችኛው ጎን የተለያየ ስለሆነ ማዕዘኖቹ በትክክል መቀመጣቸውን እዩ። ጌጡ ካላችሁ አሁን፣ መስታወቱ ከመኪናው ውጭ እያለ ነው የሚገባው። ቦዩን በሳሙና አርጥቡና ጌጡን በአውራ ጣት እየተጫናችሁ ዙሩት። መኪናው ላይ ከተገጠመ በኋላ አሉሚኒየሙን ለማስገባት መታገል ከንቱ ድካም ነው።

ከዚያ ገመዱ። ጎማው ላሜራውን በሚታቀፍበት ቦይ ውስጥ ከታች መሃል ጀምራችሁ ዙሪያውን አስገቡት። ሁለቱ ጫፎች ታች መሃል ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደራረቡ፤ ትርፉ ወደ ውስጥ ይንጠልጠል። ላሜራውንም ቦዩንም በሳሙናው ውሃ አርጥቡ።

አንዱ ሰው ከውጭ መስታወቱን ያስቀምጥ። መጀመሪያ የታችኛው ጎን በደንብ ይረፍ፤ ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን እዩ። ከዚያ እናንተ ውስጥ ገብታችሁ አንዱን የገመድ ጫፍ ያዙ። ወደ ታች አትሳቡት። ወደ ራሳችሁ፣ ወደ መስታወቱ መሃል አቅጣጫ ሳቡት። ገመዱ ሲወጣ የጎማውን ከንፈር ገልብጦ በላሜራው ላይ ያስቀምጠዋል። ውጭ ያለው ሰው ልክ ገመዱ ባለበት ትይዩ በተዘረጋ መዳፍ ይጫን። እስከ ማዕዘኑ ሳቡ፣ ቁሙ። በሌላው ጫፍ እስከ ሌላው ማዕዘን ሳቡ። ከዚያ ጎንና ጎኑን ወደ ላይ። የላይኛውን በመጨረሻ።

ማዕዘን ላይ ስደርስ ቸኮልኩ። ጋሼ ከውጭ መስታወቱን አንኳኩ። «ቆይ! ጎማው ይምጣ፣ አንተ አትምጣበት» አሉኝ። ገመዱን በየሁለት ጣቱ ስሳበው ጎማው «ጵ» እያለ ሲቀመጥ ይሰማ ነበር። ያ ድምፅ ካልተሰማና ገመዱ ብቻውን ከወጣ ከንፈሩ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። ያኔ በእንጨት ማንኪያው እጀታ ፈልቅቁት። ጉልበት ከጠየቀ ደግሞ አውርዱና እንደገና ጀምሩ። እኛ የፊቱን ሁለት ጊዜ ነው የገጠምነው።

ጥሩ ጎማ ጥሩ ላሜራ ላይ ካረፈ ያለ ምንም ማሸጊያ ውሃ ይይዛል። ፈትሻችሁ ካፈሰሰ ብቻ፣ የማይደርቀውን ዓይነት የመስታወት ማሸጊያ በጎማውና በላሜራው መሃል በስሱ አስገቡ።

በሮቹ

የመስታወት ማዞሪያውን አውልቁ፤ በአሮጌዎቹ በትንሽ ፒን፣ በኋለኞቹ በብሎን ነው የታሰረው። የበሩን ልባስ በክሊፖቹ አጠገብ እየፈለቀቃችሁ አንሱ። ከጀርባው ፕላስቲክ ወረቀት ታገኛላችሁ፤ ወይም እንደ ብዙዎቻችን አታገኙም።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በር ውስጥ ውሃ መግባቱ ጤነኛ ነው። መስታወቱ ወጪ ወራጅ ስለሆነ ዳር ላይ ያለው ጎማ ይጠርገዋል እንጂ አይዘጋውም። የገባው ውሃ በሩ ታች ባሉት ቀዳዳዎች መውጣት አለበት። ስለዚህ ቀዳዳዎቹን በሽቦ ክፈቱ። ፕላስቲኩንም አዲስ ቁረጡና ዙሪያውን አጣብቁት። ምንጣፋችሁ የሚርሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ፕላስቲክ መጥፋት ነው።

መስታወቱ የሚንሸራተትበት ፈልት የለበሰው ሐዲድ ካለቀ መስታወቱ ይንቀጫቀጫል። አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት ሐዲዱን ከዝገት አጽዱ። መስታወቱን ከማንሻው የሚያያይዙትን ብሎኖች ፈትታችሁ ስታወጡ የት እንደነበሩ ምልክት አድርጉ። የትንሿ ሦስት ማዕዘን መስታወት ጎማ ከሁሉ ያስቸግራል፤ የላይኛው ማጠፊያዋ በሪቬት ስለታሰረ መቦርቦር ይጠይቃል። ያልለመዳችሁ ከሆነ እሷን ብቻ ለባለሙያ ስጡ።

የበሩ ጎማ የሚጣበቀው በማስቲሽ ነው። አሮጌውን ማስቲሽ እስከ ላሜራው አንሱት። መጀመሪያ ያለ ማስቲሽ ልኩን አስቀምጡ፣ ከማጠፊያው በኩል ጀምሩ። ጎማውን አትወጥሩት። የተወጠረ ጎማ ከወር በኋላ ይሰበሰብና ማዕዘኑ ላይ ክፍተት ይተዋል። ማስቲሹን ሁለቱም ላይ በስሱ ቀቡ፣ እጅ ላይ መያዙን ሲያቆም ግጠሙ። በሩን ከፍታችሁ ሥሩ፤ ሽታው ራስ ያዞራል።

ሲደርቅ የ10 ብር ኖት በሩና ቦዲው መሃል አስገብታችሁ ዝጉ። ሳቡት። ጠበቅ ብሎ መውጣት አለበት። በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ሞክሩ። ብሩ ልቅ ብሎ የሚወጣበት ቦታ ካለ ጎማውን ከመውቀሳችሁ በፊት የበሩን ማጠፊያ እዩ፤ በሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል።

የውሃ ፈተና

ሳሙናው እስኪደርቅ አንድ ቀን ጠብቁ። ከዚያ አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይግባ። ውሃውን በቱቦ፣ ግፊቱን ቀንሳችሁ እያፈሰሳችሁ፣ ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ሂዱ። እያንዳንዱ ጎን አምስት አምስት ደቂቃ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉን ቦታ ስለሚያረጥብ የት እንደገባ አታውቁም። የኋላ ወንበሩን አንስታችሁ ባትሪው ያለበትን በደረቅ ሶፍት ዳብሱት።

የእኔው ሶፍት ደረቅ ወጣ። ሦስት ጊዜ ነው የዳበስኩት።

ከዚህ በኋላ በየሁለት ወሩ ጎማዎቹን በሳሙና ውሃ አጥባችሁ ከፋርማሲ የሚገዛ ግሊሰሪን በጨርቅ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ከቻላችሁ ጥላ ውስጥ አቁሙ።

በሩ እንደ በፊቱ በቀላሉ አልዘጋ ቢላችሁ አትደንግጡ። ቮልስ ጎማው ሁሉ ጤነኛ ሲሆን አየሩ መውጫ ያጣል። መስታወቱን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርጉና ዝጉት።